ኬሚስትሪን ቻይንኛ ያናገሩት ሰው

ሶዲየም ለምን በ«ኤን ኤ» እንደሚጻፍ የጠየቀ ተማሪ በክፍላችን አልነበረም። ቢጠይቅም መልስ የሚሰጠው ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። መምህሩ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ እኛም እንደ ዳዊት ደገምነው፤ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም እያልን። ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ እንኳ ከበረታ አንድ ቀን ትርጓሜ ቤት ይገባል። እኛ ግን ትርጓሜ ቤቱ ሳይከፈትልን ፈተናው ደረሰ።

ቻይናዊው የኮሌጅ ተማሪ ይህንኑ ሰንጠረዥ ሲያይ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። የቻይና ፊደል እንደኛ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ቃልን ይወክላል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም አንድ ፊደል አለው። በፊደሉ ጎን የማዕድን ብረት ምልክት ካለ ነገሩ ከብረታ ብረት ወገን ነው። የድንጋይ ምልክት ካለው ብረት ያልሆነ ጠጣር ነው። የአየር ምልክት ጋዝ መሆኑን፣ የውኃ ምልክት ፈሳሽ መሆኑን ይናገራል። ቀሪው የፊደሉ ክፍል አነባበቡን ያመለክታል፤ አንዳንዴም ጠባዩን ይጨምራል። የሃይድሮጅን ፊደል «ቀላል» ከሚለው ቃል፣ የክሎሪን ደግሞ «አረንጓዴ» ከሚለው ተቆርሷል። የብሮሚንማ ግልጽ ነው፤ ውኃና ግማት ጎን ለጎን! ብሮሚንን ያሸተተ ይመስክር።

ታዲያ ይህ ከሰማይ የወረደ ጸጋ አይደለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ያበጁት ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ከአንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። (የቻይናን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ቻይና በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦር ከተሸነፈች በኋላ በ1862 በቤጂንግ ቶንግዌን ግዋን የሚባል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥራው አስተርጓሚ ማፍራት ብቻ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ቋንቋ ብቻውን መድፍም መርከብም እንደማይሠራ ተስተዋለና ሥነ ፈለክና ሒሳብ እንዲጨመር ታሰበ። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ዎረን የተባሉ ስመ ጥር ሊቅ፣ አገር የሚቆመው በሥርዓትና በምግባር እንጂ በብልሃት አይደለም፣ ባዕድን መምህር ማድረግም ነውር ነው ብለው ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አቤት አሉ። በ1867 ለአዲሱ ትምህርት 98 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ለፈተና የቀረቡት 72፣ ያለፉት 30 ናቸው። ከዓመት በኋላ የቀሩት ደግሞ 10 ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ውሎ አድሮም ቢልካን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስትሪ ያስተምርበት ጀመር።

ዋናው ሥራ የተሠራው ግን ከቤጂንግ ርቆ፣ በሻንጋይ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1868 በተቋቋመው የትርጉም ክፍል ውስጥ ነው። ሹ ሾው (1818–1884) በመንግሥት ፈተና አልፈው ማዕረግ ያገኙ ሊቅ አልነበሩም። በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር በ1865 የእንፋሎት መርከብ ሠርተው ወንዝ ላይ አንሳፍፈዋል። እንግሊዝኛ ግን አንድ ቃል አያውቁም! አጋራቸው ጆን ፍራየር የእንግሊዛዊ ቄስ ልጅ ነበር፤ በሙያው የቋንቋ አስተማሪ እንጂ ኬሚስት አይደለም። ፍራየር የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ይዞ በቃል በቻይንኛ ይናገራል፤ ሹ ሾው ብሩሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ፤ ይጠይቃሉ፤ አስተካክለው ይጽፋሉ። በ1871 የታተመው ታዋቂው የኬሚስትሪ መጽሐፋቸው የወጣው ከዚህ ጭውውት ነው።

የሥራ ደንባቸው ቀላል ነበር። መጀመሪያ ቃሉ በጥንት መጻሕፍት ይፈለጋል። ከጠፋ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ይጠየቃል። እዚያም ከሌለ አዲስ ይፈጠራል። የተፈጠረው ሁሉ በመዝገብ ይገባል። ስለዚህ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብና ብረት የጥንት ስማቸውን እንደያዙ ቀሩ። ቻይና ሰምታቸው ለማታውቅ ማዕድናት ግን የብረት ምልክቱ ከባዕዱ ስም አንድ ድምፅ ጋር እየተጣመረ አዲስ ፊደል ተቀረጸ። ቢልካን በበኩሉ ብዙ ፊደላትን አንድ ላይ አጭቆ የራሱን ስሞች ፈጥሮ ነበር። ለመጻፍ አድካሚ ስለነበሩ ተረሱ፤ ቀላሎቹ የሹ ሾው ስሞች አሸነፉ።

በባዕድ ቋንቋ ያልተማረ ሰው ሳይንስ አይገባውም ለሚል ደግሞ መልስ አለኝ። ሹ ሾው ስለ ድምፅ ባሕርይ አንድን የእንግሊዝ ሊቅ የሚሞግት ሙከራ አድርገው፣ ፍራየር ተርጉሞት በ1881 በለንደኑ «ኔቸር» መጽሔት ወጥቷል።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አላለቀም። እያንዳንዱ ተርጓሚ የየራሱን ስም ሲያወጣ ተማሪው ተደናገረ። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አድርጎ በ1910 ጀመረ፤ ሆኖም ከዚያ በኋላም ብዙ ኮሌጆች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር የሚያስተምሩት። አገር አቀፍ የስያሜ ደንብ የወጣው በ1932 ነው። ከሹ ሾው መጽሐፍ እስከዚያ ድረስ 61 ዓመት! ሥራው ዛሬም አልቆመም፤ በ2017 አራት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች የቻይንኛ ፊደል ተሰጥቷቸዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዛሬ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ቻይና የሚሄድ ልጃችን፣ ትምህርቱ በቻይንኛ ከሆነ፣ ዓመት ያህል ቋንቋ ይማራል፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሸመደደውን ኬሚስትሪ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። አገሩ ሳለ በራሱ ቋንቋ ጠልቆ ሳይማረው በሁለት የሰው ቋንቋ ተማረው ማለት ነው።

እኛም አልሞከርንም አይባልም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የታተመ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አለን። «ብረት አስተኔ»ን የመሰሉ ደህና ደህና ቃላት ተፈጥረዋል። ችግሩ ቃላቱ መዝገቡ ውስጥ ሲቀሩ ትምህርቱ በሌላ በር መውጣቱ ነው። ሹ ሾው ቃል ፈጥረው አልተቀመጡም፤ በቃሉ መጽሐፍ ጻፉበት፣ በሻንጋይም ሳይንስ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቃል በጥቅም እንጂ በመዝገብ አይኖርም። ጥያቄው የአማርኛ ብቻም አይደለም፤ የኦሮምኛውም፣ የትግርኛውም፣ የሌላውም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥና ላብቃ። አንጥረኛ ወርቅ በእሳት ያነጥራል፤ እናቶቻችን ቅቤ ያነጥራሉ፤ «ንጥረ ነገር» የወጣውም ከዚያው ቤት ነው። ባዕድ ነገር ሁሉ ተለይቶለት የቀረ፣ ንጹሕ ነገር ማለት ነው። ይህን የነገረኝ ግን የኬሚስትሪ መምህሬ አይደሉም፤ ካደግሁ በኋላ ብቻዬን የደረስኩበት ነው።

የአገራችንን ኮሌጆች ያየ ሰው ያውቃል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የተማሪዎቹ ዓይን ሲፈዝበት በር ገርበብ አድርጎ በአገርኛ ያስረዳል። ያን ጊዜ ክፍሉ ነፍስ ይዘራል። እንግዲህ በቃሉ የሚተረጉም ፍራየር በየክፍሉ አለን። የጠፋው ብሩሹን ይዞ የሚያዳምጥ ሹ ሾው ነው፤ ደወሉ ሲደወል ያ ሁሉ ማብራሪያ ከሰሌዳው ጠመኔ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።