በእሳት የሚታጠብ ፒፓ

የሚነድ ትምባሆ ከጭሱ ጋር እርጥበትና ዝፍት መሰል ቅባት ይለቃል። ጭሱ በቀጭኑ የፒፓ ዘንግ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ዝፍቱም ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳው ይጠባል፣ ጣዕሙ ይመራል፣ ሽታው ይከረፋል። ስለዚህ ፒፓ ባለበት ሁሉ ማጽጃም ይፈለጋል። ማጽጃው ምን እንደሚሆን በየዘመኑ የወሰነው ደግሞ ፒፓው የተሠራበት ነገር ነው። ሸክላ እሳት ይችላል፤ እንጨት አይችልም። ያለ ኬሚካል የሚያጸዳ መሣሪያ የመሥራት ታሪክ በአብዛኛው በዚህች ልዩነት ዙሪያ ይሽከረከራል።

ትምባሆ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዝ ሲገባ ማጨሻው ከነጭ ሸክላ አፈር ይሠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1619 ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ለዌስትሚንስተር ፒፓ ሠሪዎች የማኅበር ቻርተር ሰጣቸው፤ በኔዘርላንድስም የጎውዳ ሠሪዎች በ1660 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሠሪው አፈሩን በመዳፉ እያሸ እንደ ጧፍ ያቀጥነዋል፤ ዘይት የተቀባ ሽቦ በመሐሉ ይሰደዋል፤ ከዚያም ባለሁለት ገጽ በሆነ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይጫነዋል። ሽቦው ሲነቀል የሚቀረው ቀዳዳ የጭሱ መንገድ ይሆናል።

ዘንጉ እየረዘመ ሲሄድ ሽቦውም ቀጠነ። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጄ. ሲ. ሃሪንግተን በ1954 ባሳተመው ጥናት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ቀዳዳ በ18ኛው ማብቂያ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር መውረዱን አሳየ። የጥናቱ ዓላማ የተሰባበሩ ዘንጎችን ዕድሜ ማወቅ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ስለ ጽዳትም ይናገራል። ሰፊ በሆነው ቀዳዳ ስንደዶ የመሰለ ነገር ማስገባት ይቻላል። በ1.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና ክንድ በሚያህል ዘንግ ውስጥ ግን የሸክላውን ዘንግ ሳይሰብር ደርሶ የሚመለስ ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

መልሱ እሳት ሆነ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች አንጥረኞች ፒፓ የሚጋደምበት የብረት ቃሬዛ ይሠሩ ነበር። ሦስት የብረት ቀለበቶች በረጃጅም ዘንጎች ተያይዘው፣ ከሥር አጫጭር እግሮች፣ ከላይ ማንጠልጠያ ይኖራቸዋል። በዝፍት የጠቆሩ ፒፓዎች ጎን ለጎን ይደረደሩበትና ቃሬዛው ከነሸክሙ ፍም ላይ ወይም ምድጃ ውስጥ ይገባል። ዝፍቱ ነዶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሸክላው መጀመሪያ በምድጃ የተተኮሰ ስለሆነ ዳግም ቢግል የሚጎድልበት ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ ጠመኔ መስሎ ነጥቶ ይገኛል። ውሃ የለም፣ መፋቂያ የለም፣ መርዝም የለም። የመጠጥ ቤት ደንበኞች ለንጽሕና ሲሉ የፒፓውን ጫፍ እየሰበሩ ለቀጣዩ ያስተላልፉ ነበር የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ ቃሬዛው ግን ከዚያ እጅግ የተሻለ ዘዴ በእጃቸው እንደነበር ይመሰክራል።

እሳት እድፍን ሲያጠፋ ማስረጃንም አብሮ ያጠፋል። በቀድሞው ቤጌምድር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኝ ላሊበላ በተባለ ዋሻ ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገመቱ የሸክላ ፒፓ ራሶች ተገኝተው በ1970ዎቹ ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ታይቶባቸዋል። ትምባሆ ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት በኢትዮጵያ ጭስ ይሳብ እንደነበር ሊታወቅ የቻለው ፒፓዎቹ በእሳት ሳይጸዱ በመቅረታቸው ነው። በጋያ ደግሞ ጭሱ በቅል ውሃ ውስጥ አልፎ ስለሚሳብ የእድፉ ከፊል ከውሃው ጋር ይደፋል፤ እዚያ የማጽጃው መሣሪያ ራሱ የማጨሻው አካል ነው።

በቱርክ ኤስኪሼሂር አካባቢ ከሚቆፈረው ከሜርሻም ድንጋይ የሚቀረጸው ፒፓ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። ድንጋዩ ዝፍቱን እየመጠጠ ከነጭ ወደ ማር ቀለም ስለሚለወጥ ባለቤቱ እድፉን እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1850ዎቹ፣ በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች በምትገኘው ሳን ክሎድ ከተማ ነው። የከተማዋ እንጨት ጠራቢዎች በሜዲትራንያን አካባቢ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ሥር ፒፓ መሥራት ያዙ። ቁጥቋጦው በሰሜንና በባሌ ተራሮች አስታ ከሚባለው ተክል ጋር አንድ ዝርያ ነው። መሬት ውስጥ ያለው እባጭ ጠንካራና ሙቀት የሚቋቋም ነው፤ ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ ለወራት ደርቆ ይጠረባል። ያም ሆኖ እንጨት ነው፤ ቃሬዛው ላይ ቢጋደም አመድ ይሆናል። ጥርስ የሚይዘው ጫፉም በኋላ ከጠንካራ ጎማ ስለተሠራ ሙቀት ያጣምመዋል። የቆየው የእሳት ዘዴ ዋጋ አጣ።

የእንጨት ፒፓ ሌላም ጠባይ አለው። አዲስ ጀበና እንደሚሟሽ ሁሉ ይሟሻል፤ ትምባሆው በሚነድበት የፒፓው ራስ ውስጥ የሚጋገረው የከሰል ሽፋን እንጨቱን ከቃጠሎ ይጠብቀዋል። ሽፋኑ ከሳንቲም ውፍረት ሲያልፍ ግን በሙቀት ተለጥጦ የፒፓውን ራስ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጽዳቱ በራሱ በኩል ከፊሉን ፍቆ ከፊሉን መተው፣ በዘንጉ በኩል ሙልጭ አድርጎ ማውጣት የሚሉ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ሆነ። ለመጀመሪያው ባለስለት መፋቂያ ተሠራ። ለሁለተኛው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ጄ. ሃሪ ስቴድማንና ቻርልስ ኤንጅል ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን እየገመዱ በመሐላቸው አጫጭር ጥጥ የሚያስይዙበትን ማጽጃ አወጡ። ይታጠፋል፣ ይመጥጣል፣ ይጣላል።

ሌሎች እድፉ ገና ሳይጋገር ሊይዙት ሞከሩ። የደብሊኑ ቻርልስ ፒተርሰን በ1890 ፓተንት ያወጣበት ፒፓ እርጥበቱን የሚያጠራቅም ጉድጓድ ነበረው። በ1930ዎቹ የሲያትሉ የምህንድስና ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ኪርስተን ዘንጉን ከአሉሚኒየም ሠራው፤ ብረቱ ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ የተጠራቀመው ዝፍትም ተፈታትቶ በጨርቅ ይጠረጋል። እንጨቱ ላይ የሙጥኝ ያሉት ደግሞ ወደ ጨውና አልኮል ዞሩ። አልኮል ዝፍትን በደንብ ያሟሟል፤ ነገር ግን የፒፓውን ቀለምና ልባጥ ያበላሻል፣ በቀላሉም እሳት ይይዛል። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ፣ ኬሚካል የማይፈልግ ማጽጃ የመንደፍ ፍላጎት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ነዳፊው የሚመርጣቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ በሚርገበገብ ድምፅ ውሃ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ እየፈጠረ የሚያፈነዳው መሣሪያ ለመስታወትና ለብረት ፒፓ ይስማማል፤ እንጨትን ግን ውሃው ራሱ ያሳብጠዋል። እንፋሎት ዝፍትን ያለሰልሳል፤ የጎማውን ጫፍ ግን ይጎዳል። ለእንጨት የሚቀረው ቀስ ብሎ የሚዞር ብሩሽና የሚመጥጥ አየር ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ሰበቃው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ መምጠጫ ከሌለ ደግሞ ጥቀርሻው ቦኖ ወደ ሳንባ ይገባል። የጥቀርሻ ጉዳት ችላ ሊባል አይገባም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጥቀርሻ የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ለካንሰር እንደሚዳርግ የጻፈው በ1775 ነበር። ፒፓውን ማጽዳትም ጭሱን ደኅና አያደርገውም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ዞመሪንግ የከንፈር ካንሰር ፒፓ አጫሾችን እንደሚያጠቃ በ1795 ጽፏል።

ለሸክላ የኤሌክትሪክ ዘመን አዲስ ነገር መፈልሰፍ አላስፈለገውም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1963 ለገበያ ያቀረበው ራሱን የሚያጸዳ ምድጃ ስቡን ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በተጠጋ ሙቀት አመድ ያደርገዋል፤ ይህ የብረት ቃሬዛው ሥራ ነው። የእንጨት ፒፓ ያለው ሰው ግን ዛሬም የሚገዛው ያንኑ ጥጥ የተገመደበት ሽቦ ነው።