ከህዋስ እስከ አንድ ለአምስት፦ የተማሪ ቡድን ታሪክ በጎጃም

ተማሪን በትንንሽ ቡድን ማደራጀት ኢሕአዴግ ያመጣው ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «አንድ ለአምስት» የሚለው ስም ገና ከጆሮ ስላልጠፋ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት የቆየ ታሪክ አለው። የምዕራብ ጎጃሞቹ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከነገጠራቸው ይህን ታሪክ በየዘመኑ አይተውታል።

የመጀመሪያው መልክ የቆሎ ትምህርት ቤት ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የኔታ ሁሉን ተማሪ ብቻቸውን አያዳርሱም። የበረታው ጀማሪውን ያስጠናል፤ ጀማሪው በተራው ሲበረታ ሌላውን ያስጠናል። ቡድኑን ያስተሳሰረው ትምህርቱና አብሮ ማደሩ ነበር። ስም መዝግቦ ለበላይ አካል የሚያስተላልፍ አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ የሚያገለግሉበት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በየካቲት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየአውራጃው ትምህርት ቤት የገባው ወጣት መምህር ከጠመኔው ጋር አዲስ ሐሳብ ይዞ ገባ።

ሐሳቡ ግን ከጎጃም ገጠር ጋር ቶሎ አልተግባባም። ገበሬው በአብዛኛው ባለርስት እንጂ ጭሰኛ አልነበረም። መሬቱን ሊለካና ሊያስገብር የመጣን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በተለይ በሞጣና በቢቸና ነፍጥ ያነሳው ለዚህ ነበር። በ1967 ዘማቹ ተማሪ የመሬት አዋጁን ይዞ ሲመጣም ያ ጥርጣሬ አልለቀቀውም።

በታኅሣሥ 1967 የታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ዩኒቨርሲቲውና የከፍተኛው ክፍል ተማሪ ሲዘምት፣ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ለሕቡዕ ድርጅቶች የቀራቸው ሰው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ያለው ነበር።

ኢሕአፓ ያደራጀው በህዋስ ነው። ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ሰው አንድ ላይ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የድርጅት ስም ይሰጠዋል፤ ከላይ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ዴሞክራሲያ» ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማታ በኩራዝ ይነበባል። መለስተኛው ደረጃ ለዚህ የተመቸ ነበር። መምህሩ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው። ተማሪውም ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ስንቁን ለማምጣት ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ከተማና ገጠርን የሚያገናኝ ከእሱ የተሻለ ሰው አይገኝም።

ስሌቱ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ከተማ ህዋስ ሊደበቅ ይችላል። አንድ ዋና መንገድ ባለው ከተማ ግን ማታ ማታ ከመምህሩ ቤት የሚገቡት አራት ልጆች ጠዋት በቡና ላይ ይነሳሉ። ቀበሌ ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ወሬው ወደ መዝገብ ገባ። ህዋስ ድርጅቱን ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ አንዱ ቢያዝ የሚያወጣው ሦስት ስም ብቻ ነው። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅን ለማስገረፍ ግን ያቺ ሦስት ስም በቂ ነበረች።

የሆነው የታወቀ ነው። በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ በደብረ ማርቆስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን 75 ወጣት እስረኞች ተገደሉ። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በዚህና በሌሎች ወንጀሎች ሄግ ላይ በታኅሣሥ 2010 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 አጸናው። ገዳዩ ማን እንደሆነ በፍርድ ተለይቷል። ልጅን ወደዚያ ትግል ያስገቡት ድርጅቶች ግን የራሳቸውን ድርሻ ሒሳብ ዛሬም በቅጡ አላወራረዱም።

ኢሕአዴግ ከ1997 ምርጫ በኋላ የቡድኑን ቅርጽ ወስዶ የመንግሥት አደረገው። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን አንድ ለአምስት ክፍል ውስጥ ገባ። ጎበዙ ደካማውን እንዲያግዝ ታስቦ ነው ተባለ፤ የቆሎ ተማሪው ከጥንት ያደርገው የነበረ ነው። ልዩነቱ፣ ያው አደረጃጀት ቀበሌ ውስጥ ማን ምን እንደሚያስብ ለማወቅም ያገለግል ነበር። ተማሪው ይህን ሲያውቅ ቡድኑ ለሪፖርት ብቻ የሚሞላ ቅጽ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በዚያው አገር ጦርነት አለ። ከ2015 ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህሩ በሁለት የታጠቁ ወገኖች መካከል ቆሟል። ከሁለቱም ወገን «ከማን ጋር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ክፍል ድረስ ይገባል። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ልጆች በአምስት በአምስት ሆነው ማጥናታቸው መልካም ነው። ከማጥናት ለሌላ ጉዳይ ሲደራጁ ግን፣ አደራጁ ማንም ይሁን፣ ዕዳውን መጀመሪያ የሚከፍለው ልጁ እንደሆነ ጎጃም አይቶታል።