ከቃል ተያዥ ወደ ጽሑፍ ውል

በአገራችን ልማድ ሰው ለሥራ ሲቀጠር አስቀድሞ የሚጠየቀው ተያዥ ነበር። ዘበኛም ሆነ የቤት አሽከር፥ «ቢጠፋ አቀርባለሁ፤ ቢያጠፋ እከፍላለሁ» ብሎ የሚቆምለት የታወቀ ሰው ካላቀረበ በቀር የጌታው በር አይከፈትለትም። ስለ ቀለቡ፥ ስለ ልብሱና ስለ ደመወዙ የሚነገረው ግን በቃል ብቻ ነበር።

ነገሩን በጥሞና የተመለከተው እንደ ሆነ፥ ተያዡ የቆመው ለአሠሪው ነው፤ ለሠራተኛው የቆመለት አልነበረም። አሠሪው ቃሉን ቢክድ ሠራተኛው የሚጠራው ምስክር ከዚያው ቤት እንጀራ የሚበላ ባልንጀራውን ነው፤ እርሱም እውነቱን ተናግሮ በዚያ ቤት መኖር ይቸግረዋል።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፥ ይልቁንም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ አሠሪና ሠራተኛ በመልክ እንኳ የማይተዋወቁበት ሥራ በዛ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ለይቶ ደነገገ። በ1956 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 210 ደግሞ ሠራተኞች በማኅበር ሆነው ከአሠሪው ጋር እንዲደራደሩ ፈቀደ። ይህ በ1968 ዓ. ም. በዐዋጅ ቁጥር 64 ተተካ፤ ከዚያም በ1985 ዓ. ም. ዐዋጅ ቁጥር 42፥ በ2011 ዓ. ም. ዐዋጅ ቁጥር 1156 ወጡ።

አንባቢ፥ «ታዲያ ሕጉ ያልተጻፈ ውል ሁሉ ፈራሽ ነው ብሎ ለምን አልቈረጠም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እንዲህ ቢል ኖሮ የሚጐዳው ወረቀት ያልተሰጠው ሠራተኛ ራሱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ዐዋጅ ቁጥር 42 ሌላ መንገድ መረጠ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዘዘ፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው በዐዋጁ ያገኘውን መብት እንደማያጣ ደነገገ። የ2011ም ዐዋጅ ይህንኑ አጸና። የመጻፉ ሸክም በዚህ ዐይነት በአሠሪው ትከሻ ላይ ወደቀ።

የሙከራ ጊዜም ቢሆን በጽሑፍ ካልተስማሙበት አይጸናም። ይህ ጊዜ በ1985 ዓ. ም. ከ45 ተከታታይ ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ሳለ፥ በ2011 ዓ. ም. እስከ 60 የሥራ ቀን ተራዘመ። እንግዲህ ወረቀት የሌለው አሠሪ፥ «በሙከራ ላይ ነበርህ» ብሎ ሠራተኛውን ሊያሰናብት አይችልም።

ይሁን እንጂ መብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳቱ ሌላ ነው። የዓመት ፈቃድም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ነው። የተቀጠረበትን ቀንና የደመወዙን ልክ የሚያሳይ ጽሑፍ የሌለው ሰው ከዳኛ ፊት ሲቆም የሚጠራው ያንኑ የጥንቱን ባልንጀራ ነው። ሌላም አደጋ አለ። አሠሪው ጽፎ የሰጠውን ቃል ሠራተኛው በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ እንደ ውል ይቈጠርበታል። ማንበብ የማይችል ሰው ዝምታው ስምምነት ሆኖ ሲገኝ፥ የተያዘለት ወረቀት ተመልሶ እርሱን ይይዘዋል።

ትርፍ በሌለበት የግል አገልግሎት በየቤቱ የሚያገለግሉት ደግሞ ከዐዋጁ ውጭ ናቸው፤ ዛሬም ተያዥ ይጠየቃሉ፥ ውል ግን እምብዛም አይሰጣቸውም።

አባቶቻችን፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። መምህር ለተማሪው፥ ተማሪም ለወላጁ ያን ወረቀት ከ15ቱ ቀን በፊት ቢያነብለት፥ የሕጉ አሳብ ከጋዜጣው ገጽ ወጥቶ ከሠራተኛው ቤት ይደርሳል። ያን ጊዜ ሠራተኛውም እንደ አሠሪው ተያዥ አገኘ ማለት ነው።