ተቆጣጣሪና መምህር በምዕራብ ጎጃም

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ ሕንፃውና ስለ ውጤቱ ብዙ ይጻፋል። እኛ ግን ስለ መምህራን የመንፈስ ጭንቀት ጥቂት ልናስታውስ ወደድን።

በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ የኔታ ከመምህራቸው ዘንድ ካስመሰከሩ በኋላ መዝገብ ይዞ የሚመዝናቸው ሹም አልነበረም። መዛኙ ተማሪው ነበር፤ ካልረካ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ይህም ቀላል ምዘና አይደለም!

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት ትምህርት በየአውራጃው ሲስፋፋ ኢንስፔክተር የሚባለው እንግዳም አብሮ መጣ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መምህሩ በባልደረቦቹ ፊት ጉድለቱን የሚናገርበት ግምገማ ተጨመረ። በ2006 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች እየተመዘኑ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 እንዲመደቡ ሆነ። በደንቡ ሱፐርቫይዘር ሊደግፍ፣ ኢንስፔክተር ሊመዝን ይመጣል። ሰሌዳ ፊት ለቆመው የገጠር መምህር ግን ሁለቱም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው።

ወደ ፍኖተ ሰላም ከመምጣታችን በፊት በቡሬ ገጠር ስንማር ይህን በዓይናችን አይተናል። «ነገ እንግዶች ይመጣሉ» ተባለ። የምናውቅ ቀኝ እጃችንን፣ የማናውቅ ግራ እጃችንን እንድናወጣ ተመከርን። መምህራችን የትምህርት ዕቅድ ሲገለብጡ አድረው ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ጠመኔውም ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ። ክፍልፋይን እንጀራ እየቆረሱ የሚያስረዱን ሰው በዚያ ቀን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሡም። እኛም ግራ እጃችንን አውጥተን ዋሸንላቸው፤ ይህንን ስናስበው ዛሬም እናፍራለን።

ጭንቀቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ2015 ዓ.ም. አንዲት ርእሰ መምህርት ከኢንስፔክሽን በኋላ ሕይወታቸውን አጠፉ። የአሟሟታቸውን ምክንያት ያጣሩት ሹም ኢንስፔክሽኑ ለሞታቸው አስተዋጽኦ እንዳደረገ በ2016 ዓ.ም. ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሁሉ በአንድ ቃል መመደብ ቀረ።

ተቆጣጣሪ ይቅር አንልም። ጠያቂ በሌለበት መምህሩ ሲቀር የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ይህንንም አይተናል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የመጣ ሰው የሚያየው ፍርሃትን እንጂ ትምህርትን አይደለም፤ ደጋግሞ የሚመጣና መምህሩን ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ ጤንነቱም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

እኚያ መምህራችን በማግሥቱ እንጀራውን በአገልግል ይዘው ገቡ። እንግዶቹ ግን ሄደው ነበር።