የቆየው ጉድባና የፈረሰው ቤት

ሰው ቤቱንና አገሩን ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ ዙሪያውን ጉድባ ይቆፍራል፤ የወጣውንም አፈር ወደ ውስጥ ይቆልላል። አፈሩ የተነሣበት ሲጎደጉድ የወደቀበት ከፍ ይላልና አንዱ ሥራ ሁለት መከላከያ ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባለርስቶች መኖሪያቸውን ውሃ በሞላበት ጉድባ ይከቡ ነበር። በአገራችንም የካፋ መንግሥት ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እስኪማረኩ ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ጉድባ ያስጠብቅ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የመሰለ ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ዋሽንግተን ዙሪያዋን በአፈር ምሽጎች ታጠረች። ከጆርጂያ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው ፎርት ስቲቨንስ አንዱ ነው። በሐምሌ 1864 የጄኔራል ጁባል ኧርሊ ጦር በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል መጥቶ ሲያጠቃው፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ውጊያውን ከምሽጉ ላይ ሆነው ተመልክተዋል። ቦታው ግን አስቀድሞ የሰው ጓሮ ነበር። ምሽጉ ሲሰፋ ኤልሳቤጥ ቶማስ የተባሉት ነፃ ጥቁር ሴት ቤታቸው ፈርሶባቸዋል።

በአሌክሳንድሪያ የሚገኘው ፎርት ዋርድ ደግሞ በ1861 ተሠርቶ ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ቤተሰቦች በዙሪያው ሰፈሩ፤ ቤት ሠሩ፤ ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ ሙታናቸውንም ቀበሩ። ከተማው ቦታውን ለፓርክ ሲወስደው መንደሩ ጠፋ። ፓርኩና ሙዚየሙ በ1964 ተከፈቱ። አብዛኛው የአፈር ግድግዳና ደረቁ ጉድባ እስከ ዛሬ ይታያሉ። የመቃብሮቹ ሥፍራ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ መፈለግ የጀመረው ግን ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ የነዋሪዎቹ ዘሮች አጥብቀው በመጠየቃቸው ነው።

ጠመንጃ የተጠመደበት አፈር ሲጠበቅ፣ ሰው የኖረበት አፈር ለመረሳት ቅርብ ሆኖ ነበር። ያዳነውም የዘሮቹ ትዝታ ነው።

ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ይህ ለእኛም ትምህርት ይሁነን። ቀደምት አባሎቻችን የተሰበሰቡበት ሳሎን፣ የተከራዩት አዳራሽ፣ ለቅሶ የተቀመጡበት ቤት ጉድባ የለውም፤ በመሬት ላይ ምልክት አይተውም። ስለዚህ የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ አድራሻውንና ዓመቱን ጽፋችሁ፣ ፎቶግራፍም ካላችሁ ጨምራችሁ ለማኅበሩ ብታስረክቡ፣ ልጆቻችን ነገ የሚፈልጉትን ዛሬ አስቀመጥንላቸው ማለት ነው።