የቤት ኪራይ በወረታ

ወረታ በደቡብ ጎንደር ዞን የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት፤ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውም እዚሁ ነው። ተከራይ የሚያመጡላት የመንገዱ ንግድ፣ የግብርና ኮሌጁና የሩዝ መፈልፈያዎቹ ናቸው። ዋጋውን የሚወስነው ለአስፋልቱ ያለው ቅርበት፣ ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት መሆኑ፣ ውኃና መጸዳጃው የግል ወይም የጋራ መሆኑ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የፎገራን ሜዳ ስለሚያጥለቀልቁ ቤቱ ያረፈበት መሬት ከፍታም መታየት አለበት።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልሎች ግን የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ብቻ ነው፤ በቃል ስምምነት ለሚኖር የትንሽ ከተማ ተከራይ ይህ አሳሳቢ ክፍተት ነው።