የዳኛው ማርና የፖሊሱ ደመወዝ

ሌባ ሲያዝ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲፈረድበት ለሁላችንም የሚታየን ዳኛውና ዘበኛው ነው። ዳኛው ምን በልቶ እንደ ዋለ፣ ዘበኛው ጥይቱን ከማን እንደ ተቀበለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም ቢሆኑ የጦር ሜዳውን እንጂ የችሎቱን ወጪ መቁጠር ብዙም አይወዱም። እኔ የፍትሕን ጠባይ ለማወቅ ከሕጉ ጽሑፍ ይልቅ ወጪውን የሚችለውን ሰው መፈለግ ይቀላል ባይ ነኝ። እስቲ ለዚህ አምቦን፣ የቀድሞዋን ሀገረ ሕይወት፣ ከነዙሪያዋ እንመልከት።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ዳኝነት ደመወዝ አልነበረውም፤ ዳኛው የሚኖረው ከዳኝነቱ ነበር። ባለጉዳዮች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ ውርርድ ይገባሉ፤ ማር ይጠራል፣ በቅሎ ይጠራል፣ ፈረስ ይጠራል። የተረታው የጠራውን ይከፍላል፤ ክፍያው ግን የሚገባው ለተበደለው ሳይሆን ለዳኛው ወይም ለሹሙ ነበር። ክርክር በበዛ ቁጥር የሹሙ ጎተራ ይሞላል ማለት ነው። የጅባትና የሜጫ ገበሬ ደግሞ በዚህ ላይ ገባር ነው። መልከኛውን ያበላል፣ ግቢውን ያጥራል፣ እስረኛም ሲኖር በተራው ይጠብቃል። የእስረኛው ስንቅ ከዘመዶቹ ቤት ይመጣል፤ ዘመድ የሌለው የመንገደኛ ምጽዋት ይጠብቃል።

ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም ቢሆን ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ጠላት እንዳያፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይናገራል፤ ወፏ ማን እንደሆነች ሁሉም ይገባዋል፣ ስሟን ግን ማንም አያነሣም። ሌባው ሳይወጣ የቀረ እንደሆነ የጠፋውን ንብረት ዋጋ አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። እንግዲህ ይህ የምርመራ ዘዴ መንግሥትን አንዲት ጠገራ ብር አያስወጣውም ነበር። ጤፉ በማሳ ላይ እያለ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ተቀምጦ የዋለው ገበሬ ግን ሒሳቡን ያውቀዋል። በጸጥታ ጥበቃም በኩል ነገሩ ያው ነው፤ ነጭ ለባሹ የራሱን ጠመንጃ ይዞ፣ የራሱን ስንቅ ቋጥሮ ነው ሽፍታ የሚያሳድደው።

በዚያው አገር ከሹሙ ችሎት ጎን ሌላ ሸንጎ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። ሜጫ ኦሮሞ ደም ሲፈስ በጃርሳ ቢያ፣ በአገር ሽማግሌ አማካይነት በጉማ ይታረቃል፤ የገዳይ ወገን ካሣውን ይከፍላል፣ ደሙ ይደርቃል። ቃሉዎችም ችሎት ያስችሉ ነበር። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ኸርበርት ሊዊስ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ አካባቢ ተቀምጦ ሲያጠና የቃሉው ደጅ በባለጉዳይ ተሞልቶ አግኝቶታል። የመንግሥት ፍርድ ቤት በዚያው ከተማ ቆሞ ሳለ ነው ይህ የሆነው።

ደመወዝተኛ ዳኛና ደመወዝተኛ ፖሊስ በሕግ የቆመው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ነገር በጣም ያስገርማል። መጋቢት 21 ቀን ነጋሪት ጋዜጣ ተመሠረተ፤ የፍርድ አስተዳደርና የፖሊስ አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ ነሐሴ 21 ደግሞ የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ታወጀ። ገዢው ከእንግዲህ ደመወዙን ከመንግሥት እንዲቀበል፣ ከሕዝቡም ከሕግ ውጭ እንዳይወስድ ተደነገገ። ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ? ጥር 23 ቀን 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ውል ያነበበ መልሱን ያገኘዋል። እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ በስጦታ ትሰጣለች፤ በውሉ ውስጥ ግን እንግሊዛውያን አማካሪዎች፣ ዳኞችና የፖሊስ ኮሚሽነር አብረው አሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በመንግሥት ወጪ ጉዳይ ከእንግሊዙ አማካሪ ጋር ተቀራርበው ለመሥራት ተስማሙ። ስጦታው ባዶ እጁን አልመጣም። ጃንሆይ ይህን ውል በታኅሣሥ 1937 በሌላ ውል እስኪያስለውጡ ድረስ አላረፉም።

ይህ ጠባይ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍላተ ሀገሯ ፖሊስና ፍርድ ቤት ድጎማ መስጠት ጀመረች። ዛሬ ዋናው ድጎማ የሚጠራው በኤድዋርድ በርን ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በኒውዮርክ የአንድ ምስክር ቤት ሲጠብቅ የተገደለ ወጣት ፖሊስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን መንግሥት ድጎማውን ከስደተኞች ጉዳይ ጋር ሲያያይዘው ከተሞቹ ፍርድ ቤት ገትረውታል።

ወደ ጅባትና ሜጫ አውራጃ እንመለስ። ደመወዙ አውራጃና ወረዳ ድረስ ወረደ እንጂ ከዚያ በታች አልደረሰም። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ያይ፣ እስከ 15 ብር ይቀጣ ነበር። ለአብዛኛው ገበሬ መንግሥት ማለት እሱ ነው። በላይኛው ጫፍ ግን ፖሊስ የውጭ እርዳታ ይጎርፍለት ጀመር፤ አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመንና እስራኤል በሥልጠናም በመሣሪያም ረዱት። የዚያ ዘመን ፖሊስ ካፈራቸው ስመ ጥር መኮንኖች አንዱ የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪ ሆነው ታሰሩ፤ ከአብዮቱ በኋላም ወደ ምዕራብ ሸዋ ገብተው ሲያምፁ ተይዘው በ1967 ዓ.ም. ተገደሉ። መንግሥት ያሠለጠነው ሰው መልሶ የመንግሥት ተሳዳጅ ሆነ።

ደርግ ሒሳቡን ገልብጦ መልሶ ለሕዝቡ ሰጠው። የየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር አቋቋመ፤ የፍርድ ሸንጎው ዳኛም አብዮት ጠባቂውም ደመወዝ አልነበራቸውም። በከተማው ቀበሌው ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ የተወረሱ ቤቶችን ኪራይ እየሰበሰበ ይተዳደር ነበር። የቀበሌ እስር ቤት የምን ገንዘብ ይፈልጋል? ስንቁን እንደ ጥንቱ እናት ታመላልሳለች።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን በድጎማ ቋንቋ ጻፈው። አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 62 የድጎማውን ቀመር ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣል። ብዙ ሰው የማያነበው አንቀጽ 79 ነው፦ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ደርበው ለሚሠሩ የክልል ፍርድ ቤቶች የማካካሻ በጀት እንደሚመደብ ይደነግጋል። አምቦ ላይ የፌዴራል ወንጀል የሚያይ የኦሮሚያ ዳኛ ወጪው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት ማለት ነው። ማካካሻው ራሱን ችሎ በተግባር አልታየም ብለው የሕግ ምሁራን ደጋግመው ጽፈዋል።

ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ድጎማው በጥቅል እስከ ወረዳ ወረደ። የወረዳው ምክር ቤት ከዚያችው ጥቅል ለመምህሩም፣ ለጤና ባለሙያውም፣ ለፖሊሱም ያካፍላል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለጋሽ አገሮች መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ ብለው በዚሁ ቧንቧ ገንዘብ ሲያፈስሱ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርናና ውኃ ታሰቡ፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት በዝርዝሩ አልነበሩም። ለጋሹ የጠመንጃን ወጪ መክፈል ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ሌብነት የደረሰበት ባላገር አቤት የሚልበት ጣቢያ መኪናና ነዳጅ ማጣቱስ መሠረታዊ ጉዳይ አይደለም?

ከፍ ያለ ግርግር ሲነሣ ግን ገንዘብም ኃይልም ከላይ አይጠፋም። በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ በማስተር ፕላኑ ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በኅዳር 2008 ደግሞ እሳቱ ከጊንጪ ተነሣ። አደባባይ የወጣው ኃይል የወረዳው ፖሊስ ብቻ አልነበረም፤ የፌዴራሉም የክልሉ ልዩ ኃይልም ነበሩበት። ልዩ ኃይሎቹ እንዲፈርሱና ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ የተወሰነው በመጋቢት 2015 ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ጨፌ በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ጃርሳ ቢያው፣ ያ ሹም ሳይሾመው ዘመናት የተሻገረው ሽማግሌ፣ አሁን በሕግ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።